መንገድ ሲተረጎም፦ ከግሸን በር እስከ ውጫሌ ውል

ግሸን ምን ያህል ይርቃል? መስከረም 21 ሲቃረብ ደሴ መናኸሪያ ቆማችሁ ይህን ለሦስት ሰው ብትጠይቁ ሦስት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ። ሾፌሩ በሰዓት ይነግራችኋል። ረዳቱ በብር። ስእለት ኖሮባቸው በእግራቸው የሚሄዱ እናት ደግሞ በአዳር ይቆጥሩላችኋል። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ጣጣው የሚመጣው አራተኛ ሰው ተነስቶ ሦስቱን መልሶች አንድ ወረቀት ላይ ከጻፈ በኋላ «የቱ ያጥራል?» ብሎ ሲያወዳድር ነው። ሦስት ሰዓትና ሦስት አዳር ሁለቱም «ሦስት» ስለሆኑ እኩል ናቸው የሚል ሰው ቢገኝ ይሳቅበታል። ራውተር ግን አይስቅም። ሦስት ካላችሁት ሦስት ነው።

ሥራዬ ከራውተር ጋር ነው፤ ታሪክ ማንበብ ደግሞ አመሌ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። አምባሰል ላይ ግን ይገናኙብኛል፤ ምክንያቱም በዚያች አንዲት ወረዳ ውስጥ ስለ መንገድ ማጋራት የማውቃቸው ሁለት ትልልቅ ትምህርቶች አሉ። አንዱ ግሸን ነው፤ ተራራውና በሩ። ሌላው ውጫሌ ነው፤ ውሉና አንቀጽ 17። በዚህ ጽሑፍ የኔትወርክ ሰዎች «ሪዲስትሪቢውሽን» የሚሉትን ነገር፣ ማለትም አንድ ፕሮቶኮል የሚያውቀውን መንገድ ለሌላ ፕሮቶኮል ማካፈልን፣ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች በኩል ለማስረዳት እሞክራለሁ። ነገሩ የቴክኒክ ይመስላል እንጂ ጥያቄው አሮጌ ነው፦ በአንድ መለኪያ የማይለኩ ሁለት ሥርዓቶች ሲገናኙ፣ ድንበሩ ላይ የቆመው ሰው ምን ይላል?

አንድ ቋንቋ ለምን አልበቃም?

ራውተር መረጃን ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው የሚያሻግር መሣሪያ ነው። ለማሻገር ደግሞ መንገዱን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ራውተሮች እርስ በርስ የመንገድ ወሬ ይለዋወጣሉ፤ «ወደ እገሌ በእኔ በኩል ይኬዳል፣ ርቀቱም ይህን ያህል ነው» ይባባላሉ። ይህን ወሬ የሚለዋወጡበት ሥርዓት ራውቲንግ ፕሮቶኮል ይባላል።

ፕሮቶኮሉ አንድ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ። ግን አንድ አይደለም። ሪፕ የሚባለው በሰኔ 1988 (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ የአውሮፓ አቆጣጠር ነው) አርኤፍሲ 1058 በተሰኘ ሰነድ ተደንግጎ ወጣ። የሪፕ መለኪያ ቀላል ነው፤ እስከ መድረሻው በመሐል ስንት ራውተር እንዳለ ይቆጥራል። ከ15 በላይ አይቆጥርም፤ 16 ማለት «አይደረስም» ማለት ነው። መንገዱ ሰፊ ይሁን ጠባብ ግድ የለውም። በዓመቱ፣ በጥቅምት 1989፣ ኦኤስፒኤፍ መጣ። እሱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ራውተር የአካባቢውን ሙሉ ካርታ ይሰጥና መንገዱን በወጪ ያሰላል፤ በብዙ መሣሪያዎች ላይ ወጪው የሚወጣው ከመስመሩ ስፋት ነው። ሲስኮ የተባለው ኩባንያ በበኩሉ የመስመር ስፋትንና መዘግየትን አጣምሮ የሚለካ የራሱን ፕሮቶኮል አወጣ፤ ኋላም ኢአይጂአርፒ ብሎ አሻሻለው።

በዚያው በ1989፣ በጥር ወር፣ ያኮቭ ሬክተር እና ከርክ ሎሂድ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች በአንድ ስብሰባ መሐል ምሳ ላይ ተቀምጠው የወረቀት ናፕኪን ላይ ንድፍ ጫሩ። ያ ንድፍ በሰኔ ወር ቢጂፒ ሆኖ ታተመ፤ ዛሬ የዓለምን ኢንተርኔት አያይዞ የያዘው እሱ ነው። ቢጂፒ ርቀትን በሰዓትም ሆነ በስፋት አይለካም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ «ይህ መንገድ በእነማን ደጅ አልፎ መጣ? እነዚያን ሰዎች እናምናቸዋለን ወይ?»

እንግዲህ አንድ መሥሪያ ቤት ሌላውን ሲጠቀልል፣ አሮጌ መሣሪያ ከአዲስ ጋር ሲገጠም፣ ወይም አንድ ባንክ ከቴሌኮም ድርጅት ጋር ሲያያዝ፣ እነዚህ የማይግባቡ ልሳኖች ድንበር ላይ ይገናኛሉ። ድንበሩ ላይ ያለው ራውተር ሁለቱንም ይናገራል። ሥራው ከአንደኛው የሰማውን መንገድ ለሌላኛው ማውራት ነው። ሪዲስትሪቢውሽን ማለት ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ ራውተር የሚያካፍለው የሰማውን ሁሉ አይደለም። ራሱ አምኖ በሰንጠረዡ ያሰፈረውን ብቻ ነው። ሲያካፍል ደግሞ የመጀመሪያው ልኬት እዚያው ድንበሩ ላይ ይቀራል። አዳርን ወደ ሰዓት የሚቀይር ቀመር የለምና፣ ሰውየው አዲስ መነሻ ቁጥር ይሰጠዋል። በሲስኮ መሣሪያ ላይ ወደ ሪፕ ስታሻግሩ መነሻ ቁጥር ካልሰጣችሁ፣ ከኦኤስፒኤፍ የመጡት መንገዶች «አይደረስም» ተብለው ይቀራሉ። ወደ ኦኤስፒኤፍ ከሆነ ግን ሳይጠይቅ 20 ብሎ ይለጥፍባቸዋል። ቅርብ የነበረውም 20፣ ሩቅ የነበረውም 20። በዚያ ላይ ቁጥሩ፣ ዓይነቱን ካልቀየራችሁት፣ መንገዱ ወደ ውስጥ በዘለቀ ቁጥር እንኳ አይጨምርም። ከድንበሩ ወዲያ ያለው ታሪክ ተሰርዟል ማለት ነው።

አንድ በር ያለው ተራራ

ግሸን ደብረ ከርቤ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። ዙሪያው ገደል፣ መግቢያው አንድ በር። ምእመናን የሚያውቁት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ የገባበት ቅዱስ ስፍራ መሆኑን ነው። የታሪክ ሰዎች ደግሞ ሌላም ነገር ያስታውሱበታል፤ ለረጅም ዘመን ከይኩኖ አምላክ የሚወለዱ የነገሥታት ወንዶች ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ በጥበቃ የሚኖሩበት አምባ ነበር። ዘርዓ ያዕቆብም ራሳቸው በ1434 ለንግሥና የተጠሩት ከዚያው ከግሸን ነው።

እኔ ይህን አምባ ሳስብ የኔትወርክ ሰዎች «ስተብ» የሚሉት ነገር ይመጣብኛል፤ መግቢያውም መውጫውም አንድ የሆነ ኔትወርክ። እንዲህ ያለ ኔትወርክ የዓለምን መንገድ ሁሉ ማወቅ አያስፈልገውም። «የማታውቀው ሁሉ በዚህ በር ይውጣ» የሚል አንድ መንገድ ይበቃዋል። ይህን መንገድ ዲፎልት ራውት እንለዋለን። ከውጭም ያለው ሰው ስለ አምባው ውስጥ ዝርዝር አያስፈልገውም፤ «አምባው በዚህ በር ነው» ከተባለ በቂ ነው።

የአንድ በር ጥቅሙ ቁጥጥር ነው። ማን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ይታወቃል። በ1520 አገራችን የደረሰው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ ተራራና ስለ ጠባቂዎቹ ጽፏል። ከጻፈው ውስጥ አንዱ፣ ከልዑላኑ ዘንድ ለንጉሡ መልእክት ይዞ የመጣ አንድ መነኩሴ መቀጣቱን ነው። የተቀጣው ብቻውን አይደለም፤ ጠባቂዎችም አብረው ተቀጥተዋል። ያለ ፈቃድ ላለፈ ወሬ በሩን የያዘውም ይጠየቃል ማለት ነው። የራውተር ማጣሪያ የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው፦ ይህ መንገድ ይለፍ፣ ያ አይለፍ፣ ያልተጠቀሰው ሁሉ ደግሞ ይታገድ። ሪዲስትሪቢውሽን ያለ ማጣሪያ ማዋቀር በሩን ከፍቶ ጠባቂውን ወደ ቤቱ እንደ መስደድ ነው።

የአንድ በር ጉዳቱም ግልጽ ነው። በሩ ከተያዘ ሁሉም ተያዘ። በ1540 የኢማም አህመድ ሠራዊት ከቀደሙ ያልተሳኩ ሙከራዎች በኋላ አምባውን ሲይዝ ውስጥ ያሉት መሸሻ አልነበራቸውም። የኔትወርክ ሰውም ይህን ስለሚፈራ ሁለተኛ በር ይሠራል፤ ሁለተኛ ድንበር ራውተር ያቆማል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለተኛው በር ሲከፈት አንድ በር ሳለ ያልነበረ አደጋ አብሮ ይገባል። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ከተራራው ወርደን እዚያው አምባሰል ውስጥ ውጫሌ እንድረስ፤ ምክንያቱም እዚያ የተበላሸው ነገር ከሁለቱም ይቀድማል። የተበላሸው ትርጉሙ ነው።

አንቀጽ 17፦ አማራጭ መንገድ ግዴታ ሲሆን

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. (ግንቦት 2 ቀን 1889) በውጫሌ አቅራቢያ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያ መንግሥት ወኪል ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ፤ በአማርኛና በኢጣልያንኛ። ከአንቀጾቹ አንዱ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም እንደሚስማሙና ሁለቱም እኩል እንደሚታመኑ ይናገራል። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ።

አንቀጽ 17 የሚያወራው ስለ መንገድ ነው። ምኒልክ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ጉዳይ ሲኖራቸው መልእክታቸው በየት በኩል ይሂድ? የአማርኛው ቃል «ይቻላቸዋል» ነው፤ ከፈለጉ በኢጣልያ በኩል መላክ ይችላሉ። የኢጣልያንኛው ግን ምኒልክ በኢጣልያ መንግሥት በኩል ለመጠቀም «ተስማምተዋል» ይላል፤ ይህም ግዴታ ተደርጎ ተወሰደ።

ይህን በእኔ ሥራ ቋንቋ ልበለው። አማርኛው ከብዙ መንገዶች አንዱን ይናገራል። ኢጣልያንኛው ዲፎልት ራውት ያስቀምጣል፤ «ወደ ውጭ የሚወጣው ሁሉ በሮም በኩል ይሂድ»። አማራጭነቱ ልኬት ነበር፤ ድንበሩን ሲሻገር ልኬቱ ወደቀና መንገዱ ብቻ ቀረ።

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ የሁለት መንግሥታት ክርክር ሆኖ ባለፈ። ኢጣልያ ግን በጥቅምት 1889 የራሷን ንባብ ለኃያላን መንግሥታት አስታወቀች። ይህ መንገድን ማወጅ ነው። «ኢትዮጵያን የፈለገ በእኔ በኩል ይምጣ» የሚል ወሬ ለለንደን፣ ለበርሊን፣ ለሌሎችም ደረሰ፤ እነሱም በሰንጠረዣቸው አሰፈሩት። የአማርኛውን ጽሑፍ ያገናዘበ አልነበረም። የሰሙት ከኢጣልያ ነው፤ የሰሙትን ያዙ።

ምኒልክ ይህን ያወቁት እንዴት ነው? የኔትወርክ ሰው ችግር በሚያገኝበት መንገድ ነው ያገኙት፤ የላኩት ነገር ባልጠበቁት በኩል ሲመለስ። ንጉሠ ነገሥት ሆነው ከነገሡ በኋላ በታኅሣሥ 1889 ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጻፉ። በ1890 ከእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የመጣው መልስ በአንቀጽ 17 መሠረት ጉዳዩን ለኢጣልያ መንግሥት እንደሚያሳውቁ የሚገልጽ ነበር። ደብዳቤው ለምኒልክ ተጻፈ፤ ነገሩ ግን በሮም ዞረ።

በመስከረም 1883 ዓ.ም. ምኒልክ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቃል እንደማይገጥም አስታወቁ። ድርድሩ ተጓተተ። በ1893 ውሉን አፈረሱ። በ1896 ዐድዋ ሆነ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌው ተሽሮ የኢትዮጵያ ነፃነት በግልጽ ተጻፈ። አንድ የተበላሸ መንገድ ከሰንጠረዥ እስኪወጣ ሰባት ዓመትና የስንት ሰው ደም ፈጀ።

አንቶኔሊ አውቆ ነው ወይስ አስተርጓሚው ተሳስቶ? ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ተከራክረውበታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መንገዱ ከተሰራጨ በኋላ ተንኮልና ስህተት አንድ ዓይነት ጉዳት ያደርሳሉ። ለንደን ላይ ላለው ሰው ልዩነታቸው አይታይም። ለዚህም ነው ሁለቱ ጽሑፎች «እኩል ይታመናሉ» የምትለውን ነጥብ ያዙልኝ ያልኳችሁ። ራውተር ከሁለት ፕሮቶኮል ስለ አንድ መድረሻ ሁለት ወሬ ከሰማ ማንን እንደሚያምን አስቀድሞ ይነገረዋል። በሲስኮ ዘንድ ይህ የእምነት ቁጥር ለኦኤስፒኤፍ 110፣ ለሪፕ 120 ነው፤ ያነሰው ይታመናል። የውጫሌው ውል ግን ሁለቱንም እኩል አደረገና ሲለያዩ ማን እንደሚዳኝ ሳይናገር ቀረ። ዳኛ ሲጠፋ ቀድሞ ያወጀው፣ ድምፁም የጎላው አሸነፈ።

ሁለተኛው በር

አሁን ወደ ሁለተኛው በር እንመለስ። ሪፕ የሚናገር አንድ አሮጌ ኔትወርክና ኦኤስፒኤፍ የሚናገር አዲስ ኔትወርክ አለ እንበል። በመካከላቸው ሁለት ድንበር ራውተሮች ቆመዋል፤ ምሥራቅ በርና ምዕራብ በር እንበላቸው። ሁለቱም በሁለቱም አቅጣጫ መንገድ ያካፍላሉ።

ምሥራቅ በር ከሪፕ ወገን ስለ አንድ ቅርንጫፍ ይሰማና ለኦኤስፒኤፍ ያወራል። ወሬው በኦኤስፒኤፍ ውስጥ ዞሮ ምዕራብ በር ይደርሳል። ምዕራብ በር ስለዚያው ቅርንጫፍ ከሪፕም ሰምቷል፤ ትክክለኛውም እሱ ነው። ነገር ግን 110 ከ120 ስለሚያንስ ኦኤስፒኤፍን ያምናል። የቤቱን ወሬ ትቶ ከጎረቤት የሰማውን ያዘ ማለት ነው። በዚህ ቢያበቃ መንገዱ ይዞራል እንጂ ይደርሳል። ምዕራብ በር ግን የያዘውን መልሶ ለሪፕ ያካፍላል፤ ትንሽ መነሻ ቁጥር ሰጥቶ «ቅርንጫፉ በእኔ በኩል ቅርብ ነው» ይላል። ሪፕ ውስጥ ያሉትም ያምኑታል። ቀጥሎ የሚሆነው ግልጽ ነው፤ መረጃው ከአንዱ በር ወጥቶ በሌላው ይገባል፣ ተመልሶም ይወጣል፣ ዕድሜው እስኪያልቅ ይሽከረከራል። ቅርንጫፉ ራሱ ቢዘጋ እንኳ ወሬው ሊቆይ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን እየጠቀሰ «አለ» ይላልና።

ሰፈር ውስጥ ይህን እናውቀዋለን። ጠዋት የጀመርከው ወሬ ማታ ላይ በሌላ ሰው አፍ አዲስ ሆኖ ቤትህ ሲገባ፣ «ለካ እውነት ኖሯል!» ትላለህ። የራስህ ወሬ መሆኑን የሚነግርህ ምልክት የለውማ።

በአንድ መሥሪያ ቤት ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። መስመሩ አልተቆረጠም፣ መሣሪያው አልተቃጠለም፣ መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ግን አንድ ቅርንጫፍ ከሰዓት በኋላ በዝግታ ይሞታል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይሞታል። ሰው ሁሉ መስመሩን ይወቅሳል። መስመሩ ንጹሕ ነበር፤ የታመመው ወሬው ነው።

መድኃኒቱ ታግ ይባላል። መንገዱ ድንበር ሲሻገር «ከሪፕ የመጣ» የሚል ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ኦኤስፒኤፍ ለዚህ የሚሆን ቦታ በሰነዱ ውስጥ አለው። ሌላኛው በር ያን ምልክት ሲያይ «ይህ ከሪፕ የወጣ ነው፣ ወደ ሪፕ አልመልሰውም» ይላል። ቁጥሩ ስለ ርቀት ምንም አይናገርም። የሚናገረው ስለ ትውልድ አገር ነው። ቢጂፒ ይህን ያጠበቀዋል፤ እያንዳንዱ መንገድ ያለፈባቸውን ድርጅቶች ቁጥር በተርታ ተሸክሞ ይሄዳል። የራሱን ቁጥር በዝርዝሩ ውስጥ ያገኘ መንገዱን አይቀበልም።

ይህ ዝርዝር ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ዓለም ሚያዝያ 25 ቀን 1997 አይቷል። ቀኑ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን እንጂ፣ ከውጫሌ ቀን ጋር በስም መግጠሙ ይገርመኛል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ቁጥሩ 7007 የሆነ አንድ አነስተኛ አገልግሎት ሰጪ የብዙውን ኢንተርኔት መንገዶች ቆራርሶ፣ ያለፉባቸውም ድርጅቶች ዝርዝር ተፍቆ፣ የራሱ አስመስሎ አወጀ። ዓለምም አመነው፤ ጠበብ ያለው አድራሻ ከሰፊው ይልቅ ስለሚመረጥ። ትራፊኩ ወደዚያ ጎረፈና ኢንተርኔቱ በብዙ ቦታ ተሽመደመደ። ራውተሩ ከተነቀለ በኋላ እንኳ የሐሰቱ መንገድ ለሰዓታት ከአገር አገር ሲዞር ቆየ። ከየት እንደመጣ የሚናገረው ነገር ተፍቆ ስለነበር «አለ» የሚለው ብቻ ቀርቶ ነበር።

ለእኛ ምን ይሆነናል?

በአገራችን ኢንተርኔት ለሕዝብ ከተከፈተበት ከ1997 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ኦፕሬተሩ አንድ ነበር። አንድ በር። በጥቅምት 2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ሁለተኛ በር ተከፈተ። ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ መንግሥት መሥሪያ ቤቱም ከሁለት ወገን መስመር ማስገባት ቻለ። ውስጡ ኦኤስፒኤፍ ወይም ኢአይጂአርፒ ይናገራል፤ ደጁ ቢጂፒ ነው። ድንበሩ ላይ መንገድ ይካፈላል። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ከዚህ በፊት በአንድ በር የሠራነው ውቅር እንዲሁ ለሁለት በር ሲገለበጥ፣ ከላይ ያልኩት የወሬ አዙሪት ደጃፋችን ላይ ነው። ውጤቱም ገንዘቡን ለማውጣት ባንክ የተሰለፈ ሰው «ኔትወርክ የለም» የሚባለው ነው። እሱ አዳርም ሰዓትም አያውቅም፤ የሚያውቀው መመለሱን ነው።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። ስታሻግሩ የምታሻግሩትን በስም ጥሩ፤ ያልጠራችሁት አይለፍ። መነሻ ቁጥሩን ራሳችሁ ስጡ፤ መሣሪያው እንዲገምት አትተዉት። የመጣበትን ምልክት ለጥፉበት። ሁለት ወገን ሲለያይ ማን እንደሚታመን አስቀድማችሁ ጻፉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ ከወዲያኛው ወገን ሆናችሁ ሰንጠረዡን አንብቡ። የላካችሁት እንደላካችሁት ደርሶ እንደሆነ የሚታየው እዚያ ብቻ ነው።

ለሌላው አንባቢ ደግሞ ይህችን ልበል። ውጫሌ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ተንኮሉን ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ተንኮሉ ያለፈበት ቀዳዳ ተራ ነገር ነበር፤ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ቃል በቃል የሚያመሳክር ሰው ከፊርማው በፊት አለመቀመጡ። «ይቻላቸዋል» በሌላ ልሳን ምን እንደሆነ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ፣ አማራጩ ግዴታ ሆኖ ለንደን ከመድረሱ በፊት ይስማ ንጉሥ ላይ ይያዝ ነበር።